የኮሚናሉና የደረጃው ጉዳይ

በሕንፃችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።




መርካቶ ስድስት ቀን ሲጮኽ ሰንብቶ ትንሽ ዝም በሚልባት በአንዲቷ እሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሰባተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን በእግራችሁ ቆጥራችሁ ስለመጣችሁ በሥራ አመራሩ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ስትመለሱም ያው ደረጃ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁና ያለ ነገር አላስቆማችሁም።

እንደምታውቁኝ እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ትምህርቴም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጸሐፊ አድርጋችሁ የመረጣችሁኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብና በርበሬ ስሸጥ ሒሳብ ስለማልሳሳት ይመስለኛል። ስለዚህ በቃል ስናገር እንዳልረሳ ነገሩን በወረቀት አስፍሬ አምጥቻለሁ። ብንተባተብም ታገሡኝ።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ ኮሚናላችንን ለዕቃ መጋዘን እናከራየው ወይስ አናከራየው? ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ነው። እስከዚያ እያንዳንዱ አባል ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክርበት ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛ፦ ስለቀረበልን ገንዘብ

ከሁለት ወር በፊት አንድ በአካባቢያችን የሚሠሩ ነጋዴ ኮሚናሉን ለሁለት ዓመት እንድናከራያቸው በጽሑፍ ጠይቀውናል። የሚከፍሉት በወር 80 ሺህ ብር ነው። የአንድ ዓመቱን 960 ሺህ ብርም ውሉ በተፈረመ ዕለት ባንዴ እንደሚያስገቡ ገልጸዋል። ሰውየው ጨዋ ሰው ናቸው። ማንንም አላታለሉም። መርካቶ ውስጥ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ዘበኛ ያለው ክፍል ወርቅ መሆኑ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

በሌላ በኩል ያለብንን ችግር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሊፍታችን ከቆመ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ገመዱም መለወጥ አለበት ተብሏል። ከሦስት ባለሙያዎች ዋጋ አሰባስበን ዝቅተኛው 576 ሺህ ብር ሆኖ ተገኝቷል። በማኅበሩ ሣጥን ያለው ገንዘብ ደግሞ ለዘበኞች ደመወዝ፣ ለጽዳትና ለውኃ ፓምፑ መብራት እንጂ ለሌላ አይበቃም።

እንግዲህ የአንድ ዓመት የመጋዘን ኪራይ ሊፍቱን አሠርቶ ትርፍ ያስቀራል ማለት ነው። ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው። «እናከራይ» የሚሉ አባላትን ገንዘብ ወዳድ ናቸው የሚል ካለ በጣም ተሳስቷል። ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩት አባታችን ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ መሬት የረገጡት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሐኪም ቤት ለመሄድ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ በወንበር ተቀምጠው በአራት ወጣቶች ሸክም ነው። አምስተኛ ፎቅ ያለችው እኅታችን ደግሞ ውኃ በጠፋ ሰሞን፣ በስምንት ወር እርግዝናዋ፣ ጄሪካን ይዛ ደረጃ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ተቀብያት ይዤላት ወጣሁ፤ ግን እኔ ሁልጊዜ ደረጃው ላይ አልቆምላትም።

ስለዚህ «አናከራይ» የሚል ሰው ሊፍቱ በምን ገንዘብ እንደሚሠራ አብሮ መናገር አለበት። እኔ «አናከራይ» ባይ ነኝ። የገንዘቡንም ነገር መጨረሻ ላይ አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፦ ኮሚናሉ ለምን ተሠራ?

ልጆቻችን እዚህ ፎቅ ላይ ስለተወለዱ የዚህን ነገር መነሻ ላያውቁት ይችላሉ። ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም የነበረውን ትልቁን ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ ገፍቶ እዚህ አመጣው። መርካቶ የሚለው ስምም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣልያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ እየተባለ ተራ በተራ ሰፋ። ነጋዴውም፣ ሸማኔውም፣ ተሸካሚውም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም ከሱቁ ጀርባ ጓሮ ለጓሮ ሰፈሩ።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን የተወለድነው በእነዚያ ቤቶች ነው። እኔ ያደግኩት ሰባተኛ አካባቢ፣ ዘጠኝ አባወራ በሚኖርበት አንድ ግቢ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነበር። ሽንት ቤቱ አንድ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ሞልቶ ወደ ደጃችን ይፈስ ነበር። ውኃ ከቦኖ ነው የምንቀዳው። ያንን ሕይወት እንመኘው የምል ሰው አይደለሁም። እናቴ ብትሰማኝ ትስቅብኛለች።

ነገር ግን ግቢ ነበረን። ማክሰኞ የእኛ ቤት እንጀራ ይጋግራል፣ ረቡዕ የጎረቤት። በግ የሚታረደው እዚያው ነው። ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን እዚያው ይተከላል። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ኒካሁም ሰደቃውም እዚያው ነበር፤ የእኛም ክርስትናና ተዝካር እዚያው። ማንም ማንንም አያስፈቅድም ነበር፤ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅማ!

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ተሠራ። በ1997 ዓ.ም. ፕሮግራሙ በሰፊው ሲጀመር በአዲስ አበባ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ሃያ በመቶ ከፍሎ ቀሪውን ሰማንያ በመቶ በባንክ ብድር መክፈል ነው፤ ሃያ ሰማንያ የምንለው ይኼው ነው። ከዕጣው ሠላሳ በመቶ ለሴቶች ተለይቶ ስለነበር እኔም የደረሰኝ በዚሁ ድርሻ ነው። ከመካከላችን የቀበሌ ቤቱ ለልማት ፈርሶበት የገባ አለ። ከባለ ዕጣ የገዛ አለ። ምድር ቤት ያሉት አሥራ ሁለት ሱቆች በጨረታ የተገዙ ናቸው። ተከራይ ሆኖ ከእኛ ይልቅ ሕንፃውን የሚንከባከብም አለ። አሥራ ሁለት ሱቅና ሰማንያ አራት መኖሪያ ቤት፣ ባንድ ላይ ዘጠና ስድስት በር ማለት ነው።

ፎቁን ያቀዱት ሰዎች ግቢያችን እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ አይታረድም፤ በረንዳ ላይ የሠርግ ወጥ አይሠራም፤ ኮሪደር ላይ ድንኳን አይተከልም። ኮሚናል የተሠራልን ስለዚህ ነው። የድሮው ግቢያችን ምትክ ነው እንጂ የተረፈ ክፍል አይደለም።

ሕጉም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚያየው። በ1995 ዓ.ም. ስለ ጋራ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 አምስትና ከዚያ በላይ ለየብቻ የተያዙ ቤቶች ያሉበትን ሕንፃ የጋራ ሕንፃ ይለዋል። ቤቴ የእኔ ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው ግን የሁላችን ነው። የባለቤቶች ማኅበር ያስፈለገውም የጋራውን ነገር በጋራ ለማስተዳደር ነው። «በሬ ላይ ያለው ኮሪደር የእኔ ነው፣ ያሻኝን አስቀምጥበታለሁ» የሚል አባል ይህን ልብ እንዲልልኝ አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፦ እኔ ያጠፋሁት ጥፋት

አሁን የምናገረው ነገር ለመናገር የሚከብደኝ ነው። ብዙዎቻችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ ነጋዴ መጣ። የአሁኑ አመልካች አይደሉም፤ ሌላ ሰው ነው። «ዕቃዬ ከጉምሩክ ወጥቷል፣ መጋዘኔ ሞልቶብኛል፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ኮሚናሉን ስጪኝ» ብሎ ለመነኝ። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው የሚቀመጠው። ሥራ አመራሩን ሳላማክር ሰጠሁት። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ይሉኝታ ነው የያዘኝ። በዚያ ላይ ለአንድ ሳምንት ምን ይመጣል ብዬ ነው።

ሳምንቱ አምስት ሳምንት ሆነ። ዕቃው ከኮሚናሉ ሲተርፍ ካርቶኑ ወደ ደረጃው ወጣ። አንዱ ሲያስቀምጥ ያየ ሌላ ሰውም የራሱን አስቀመጠ። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ዝም አልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ስድስተኛ ፎቅ የነበሩት እናታችን ሌሊት አረፉ። ያን ጊዜ ሊፍቱ ይሠራ ነበር፤ ግን የሬሳ ሣጥን አያስገባም። ልጆቻቸውና የፎቁ ወጣቶች በደረጃ ይዘዋቸው ወረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ማጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሣጥኑ አልዞር አለ። ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ተደርድሯል። የካርቶኑ ባለቤት የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ትልቁ ልጃቸው የእናቱን ሣጥን በትከሻው እንደያዘ፣ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቅቶት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ከላይ ልቅሶ፣ ከታች ልቅሶ፣ መካከሉ ላይ ዝምታ።

በዚያ ሰዓት ሦስት ተሸካሚዎች ቦንዳ ተሸክመው ከታች እየወጡ ነበር። ማንም ምንም ሳይላቸው ሸክማቸውን አወረዱ። ካርቶኑን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ አሳለፉት። ከዚያም ሣጥኑን በአንድ ወገን ገብተው ደግፈው እስከ ታች አወረዱት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ወደ ቦንዳቸው ተመለሱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ከቀብር ሲመለስ ለቀስተኛው የት ይቀመጥ? ኮሚናሉ በዕቃ ተሞልቷል። የዕድሩ ድንኳን መንገድ ዳር፣ መኪና በሚራገፍበት ቦታ ተተከለ። ጡሩምባው፣ የጫኝና አውራጁ ጩኸት፣ የጋሪው መንገድ ልቀቁ ባይነት ሦስት ቀን ሙሉ አልተለያቸውም። ሰው ለማጽናናት የመጣ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሥቶ ለጭነት መኪና መንገድ ሲለቅ አየሁ። እኔ ደግሞ የኮሚናሉ ቁልፍ በመቀነቴ ነበር። ቁልፉ በእጄ ነበረ፣ ቤቱ ግን በእጃችን አልነበረም።

ቤተሰቡን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ይቅር ብለውኛል። ጉባዔውን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

«ለሁለት ዓመት ብቻ» ሲባል የምሰጋው በዚህ ነው። እኔ ለአንድ ሳምንት የሰጠሁትን ለማስመለስ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አራተኛ፦ ስለ እሳትና ስለ ክብደት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ ሸማ ተራ ስትቃጠል ብዙዎቻችን በረንዳ ላይ ቆመን አይተናል። ነበልባሉ የሚታየን ከዚህ ነበር። የጎረቤቶቻችን የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ሱቅ ከሱቅ ተጠጋግቶ፣ መንገዱ ጠቦ፣ ዕቃው ተደራርቦ እሳት አጥፊዎቹ እንደልባቸው ሊንቀሳቀሱ አልቻሉም። ያ እሳት የተነሣው ምድር ላይ ባለ ገበያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደረጃው በካርቶን በታጨቀ ባለ ሰባት ፎቅ ቤት ውስጥ ቢነሣስ?

ይህ የፈራ ሰው ሕልም አይደለም። በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ግሬንፌል የሚባል ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ማቀዝቀዣ እሳት ተነሣ። በሕንፃው ግድግዳ ላይ ለማሳመሪያ የተለጠፈው ነገር ተቀጣጣይ ስለነበር እሳቱ በውጭ በኩል እስከ ላይ ወጣ። መውጫ ደረጃው አንድ ብቻ ነበር። 72 ሰዎች ሞቱ። የእኛ አገር ሰዎችም እዚያ ይኖሩ ነበር። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ የነዋሪዎቹ ቡድን አደጋ ይደርሳል ብሎ አስቀድሞ ሲጽፍና ሲያስጠነቅቅ መቆየቱ ነው። በሀብታም አገር፣ እሳት አጥፊው በደቂቃዎች በሚደርስበት ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ባለ አንድ ደረጃዎች ምን ልንል ነው? የእኛ ሕንፃ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ያ ዓይነት ልባስ የለውም፤ ለዚህ እናመስግን። ደረጃውን ያጨቅነው ግን እኛው ራሳችን ነን።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መሐንዲስ ልጃችን እንዳስረዳኝ የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት መቶ ኪሎ ያህል ሸክም ታስቦ ነው። አልጋ፣ ቁምሣጥን፣ ሰው፣ እንግዳ፤ ይህን ይችላል። አሁን ባለ ሃምሳ ኪሎ ከረጢት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሁለት እያደረግን ስድስት ጊዜ ብንደራርብ አሥራ ሁለት ከረጢት ነው። ሒሳቡ 600 ኪሎ ይሆናል። ከታሰበው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቤታቸውን አምስተኛ ፎቅ ላይ ለመጋዘን ያከራዩ አባላት «በገዛ ቤቴ ማን ያገባዋል» ይላሉ። የአምስተኛው ፎቅ ወለል የአራተኛው ፎቅ ጣሪያ መሆኑን ግን አይርሱ። ከታች የሚተኙ ልጆች አሉ።

አምስተኛ፦ ነጋዴው ጠላታችን አይደለም

ይህን ስናገር ገበያውን የጠላሁ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። እኛ የመርካቶ ልጆች ነን። ጠዋት የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን አብረው የሚቀሰቅሱን፣ ከገበያው የምንበላ፣ ከገበያው የምንለብስ ሰዎች ነን። ከዚህ ጉባዔ ውስጥ ገበያ የማያውለው ሰው ቢኖር እጁን ያውጣ። አየሁ፤ ማንም አላወጣም። ከሰፈር ርቀው ዳር የደረሳቸው ዘመዶቻችን ለታክሲ የሚከፍሉትንና መንገድ ላይ የሚያቃጥሉትን ሰዓት ስናይ፣ እኛ ከሥራችን ሥር መኖራችን ትልቅ ዕድል ነው።

ስለዚህ ዕቃ በጭራሽ አይግባ አልልም። እዚህ የሚኖር ሰው ለነገ የሚሸጠውን ሁለት ሦስት ካርቶን ቤቱ ቢያሳድር ማን ይናገረዋል? እኔም ማጀቴ ውስጥ የበርበሬ ከረጢት አለ። ጎረቤቶቼ በማስነጠስ ያውቁታል። የምለው ሌላ ነው። ገበያው ከበሩ እንዲቆም ነው። መርካቶ ቦታ ሲያገኝ ይገባል፤ ዝም ካልነው ደረጃውን፣ ከዚያ ኮሪደሩን፣ ከዚያ የልቅሶ ቤታችንን ይወስዳል። በመጨረሻም እኛ በመጋዘን ውስጥ ያደርን ዘበኞች እንሆናለን፤ ያውም ደመወዝ የሌለን።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። ለሊፍቱ የሚያስፈልገው 576 ሺህ ብር ነው። ለዘጠና ስድስት በር ሲካፈል ለአንድ በር ስድስት ሺህ ብር ይደርሰዋል። በወር አንድ ሺህ ብር ለስድስት ወር ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

አንድ ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ ነው አልልም። በጡረታ የሚኖሩና ረዳት የሌላቸው አሥራ አንድ ቤቶች አሉን። እነርሱ በወር አምስት መቶ ብር እየከፈሉ በአንድ ዓመት ይጨርሱ። በዚህ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ የሚጎድለው 33 ሺህ ብር ነው። ይህን ከኮሚናሉ እንሸፍነዋለን። አዎ፣ ከኮሚናሉ። እኔ ኮሚናሉ ተዘግቶ ይቀመጥ አላልኩም። ለሠርግ፣ ለኒካህ፣ ለክርስትና፣ ለዕድር ስብሰባ ለውጭ ሰው በቀን ስናከራየው ባለፈው ዓመት 42 ሺህ ብር ገብቶልናል። እንዲህ ያለ ኪራይ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። በአንዱ አባል ልቅሶ ቢደርስበት ደግሞ ኪራዩ ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ደንቡ ይህ ይሁን።

ሱቅ ያላችሁ አባላት «እኛ ምድር ቤት ነን፣ ሊፍት ምን ያደርግልናል» ልትሉ ትችላላችሁ። እውነት ነው፤ አትወጡበትም። ነገር ግን የምድር ቤቱ ፍሳሽ በፈነዳ ጊዜ ሰባተኛ ፎቅ ያሉትም እኩል ማዋጣታቸውን እንድታስታውሱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ሰባተኛ ፎቅ ምንም አልሸተተም ነበር።

በመሆኑም በሚቀጥለው እሑድ ድምፅ እንድትሰጡባቸው የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ. ኮሚናሉ ለዕቃ መጋዘን እንዳይከራይ። ቁልፉም ሁለት ሆኖ በሁለት ሰው እጅ እንዲቀመጥ፣ ያለ ሁለቱ ፊርማ እንዳይከፈት።

2ኛ. ለሊፍቱ ጥገና እያንዳንዱ በር በወር አንድ ሺህ ብር ለስድስት ወር እንዲያዋጣ። ገቢና ወጪው በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

3ኛ. በደረጃና በኮሪደር ላይ ያለ ማናቸውም ዕቃ ውሳኔው በተላለፈ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲነሣ። ካርቶን ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ሶፋም፣ የከሰል ምድጃም፣ የእኔም ጄሪካኖች ጭምር።

4ኛ. ለመጋዘን የተከራዩ ቤቶች ካሉ ሥራ አመራሩ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ክብደቱ እንዲቀነስ፤ ቤንዚን፣ ቲነር፣ ቀለምና ስፖንጅ የመሰሉ እሳት የሚወዱ ዕቃዎች ግን ፈጽሞ እንዳይገቡ።

5ኛ. ተሸካሚዎች በደረጃው የሚወጡበትና የሚወርዱበት ሰዓት እንዲወሰን። ከታች በሩ አጠገብ ማረፊያ አግዳሚና የመጠጥ ውኃ እንዲቀመጥላቸው። ይህ የሦስቱ ሰዎች ውለታ ነው።

6ኛ. በየፎቁ የእሳት ማጥፊያ ተገዝቶ እንዲሰቀል፤ የእሳት አደጋ የስልክ ቁጥር 939 በእያንዳንዱ ፎቅ በጉልህ ተጽፎ እንዲለጠፍ። ልጆቻችሁንም በቃላቸው አስይዟቸው።

የእሳት ማጥፊያው ዋጋ ገና ስላልተጣራ ለጉባዔው በሚቀጥለው እሑድ አቀርባለሁ።

ውድ ጎረቤቶቼ፤

ድምፅ ስትሰጡ እኔን ደስ ለማሰኘት ብላችሁ እንዳትሰጡ። «እናከራይ» የሚለው ካሸነፈ ጸሐፊ ነኝና ውሉን በዚሁ በሚነበብ ጽሑፌ እጽፈዋለሁ፤ ቅሬታ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ሁላችሁም አንድ ቀን ማታ፣ ገበያው ሲረጋጋ፣ ከሰባተኛ ፎቅ ጀምራችሁ እስከ ምድር ቤት በደረጃው ውረዱ። ሦስተኛው ማጠፊያ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ ኮሚናሉን ከፍታችሁ ባዶውን ወለል እዩት። ቁልፉን ከእኔ ውሰዱ፤ ለማንም አባል አልከለክልም። ያን ጊዜ የምትወስኑት ለእኔ ይበቃኛል።

የሰባተኛ ፎቁ አባታችን ዛሬ መምጣት ስላልቻሉ ይህን ወረቀት ትናንት ማታ ቤታቸው ወጥቼ አንብቤላቸዋለሁ። «ሊፍቱ ይሠራ አይሠራ እንጃ፣ እኔ ግን አንድ ቀን ወደ ታች መውረዴ አይቀርም፤ ያን ቀን ደረጃው ባዶ ይሁንልኝ» ብለዋል። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በኮሚናሉ ውስጥ ነው። መውረድ ለማይችሉ አባላት ሁለት ታዛቢዎች ሣጥኑን ይዘው ቤታቸው ድረስ ይወጣሉ። ስማችሁን አስቀድማችሁ ለዘበኛው አስመዝግቡ።